ጊዜዋ በጠርሙስ ውስጥ፤ ከመድኃኒት ዕፀዋት በቤተ ሙከራ ምን ይገኛል?

አገር ቤት ሳለን መድኃኒት ፍለጋ ብዙ ርቀት አይኬድም ነበር። ለምች ዳማከሴ ይታሻል፤ ለሆድ ቁርጠት ጤና አዳም ይሰጣል፤ ለድንገተኛ ሕመም ድንገተኛ የሚባለው ሥር ይታኘካል፤ ለኮሶ ትል ኮሶ ይጠጣል። ዐዋቂው ሰው ተክሉን በስሙ፣ ቦታውን በምልክቱ፣ የሚቆረጥበትን ጊዜ በወሩ ያውቀዋል። ዛሬ በቂርያት ማላኪ፣ በገዴራና በያቭኔ የምንኖር ወገኖች መድኃኒታችንን የምንወስደው ከቁፓት ሆሊም ፋርማሲ ነው። ልጆቻችን "መድኃኒት ከየት ይመጣል?" ተብለው ሲጠየቁ "ከፋብሪካ" ይላሉ። መልሳቸው ሐሰት አይደለም፤ ግን ግማሽ ነው። ሐኪም ከሚያዝዛቸው መድኃኒቶች ውስጥ የብዙዎቹ መነሻ ተክል ነውና። ከእነርሱም መካከል አንዳንዶቹ ዛሬ የሚመረቱት በማሳ ላይ ሳይሆን፣ ፀሐይና አፈር በማያውቁ የተክል ሕዋሳት፣ በተዘጋ ጋን ውስጥ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ይህ ሥራ ምን እንደሆነ፣ የት እንደተሳካና የት እንዳልተሳካ፣ እኛንም በምን እንደሚመለከተን በቀላል አነጋገር ለማስረዳት እንሞክራለን። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ተክል ለምን መድኃኒት ይሠራል?

እንደሚታወቀው ተክል ጠላት ሲመጣበት ሮጦ ማምለጥ አይችልም። ከብት ሲግጠው፣ ትል ሲበላው፣ ሻጋታ ሲወርረው በቆመበት ሆኖ ራሱን መከላከል አለበት። ስለዚህ በአካሉ ውስጥ መራራ፣ ሽታ ያለው፣ አንዳንዴም መርዘኛ የሆነ ንጥረ ነገር ያዘጋጃል። ለተባዩ መርዝ የሆነው ነገር በልክ ሲወሰድ ለሰው መድኃኒት ሊሆን ይችላል። ልኩ ካለፈ ግን ለሰውም መርዝ ነው። አበው "ሲበዛ ማርም ይመራል" ያሉት ለመድኃኒት በይበልጥ ይሠራል።

ይህ ንጥረ ነገር በተክሉ አካል ሁሉ እኩል አይገኝም። በአንዱ ተክል በሥሩ፣ በሌላው በቅርፊቱ፣ በሌላው በአበባው ብቻ ይገኛል። ኮሶን ብንወስድ ዛፉ ወንዴና ሴቴ ሆኖ ለየብቻው ይበቅላል፤ ለመድኃኒት የሚፈለገው ቀላ ያለው የሴቴዋ አበባ ነው። መጠኑም በዕድሜው፣ በአፈሩ፣ በዝናሙና በተቆረጠበት ወቅት ይለያያል። አባቶቻችን "ከዚህ ጋራ የመጣው ይሻላል፤ ያኛው አይሠራም" ሲሉ በልማድ የደረሱበት እውነት ነበር።

አንድ ስም፣ ሦስት ባሕርይ

ለዚህ ጉዳይ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን እዚሁ በአካባቢያችን የሚበቅለው ጊዜዋ ነው። ጊዜዋን አገር ቤት የማያውቅ ጥቂት ነው። ቅጠሉና ሥሩ ይታጠናል፤ ለመገጣጠሚያ ሕመም ይደረጋል፤ "ቡዳ በላው" ለተባለ ሰውም ይጨስ ነበር። ያ ስም በአንጥረኞቻችንና በሸክላ ሠሪ እናቶቻችን ላይ የተለጠፈ ሐሜት ስለ ነበረ በዚህ ላይ አንቆይም። ሐሜቱን ትተን ተክሉን እንያዝ።

ጊዜዋ በእስራኤል አገር ሳይተከል በየመንገዱ ዳርና በየፍርስራሹ ይበቅላል። ቅጠሉ አመድማ ሲሆን፣ ትንሿ ቀይ ፍሬው እንደ ወረቀት በሳሳ ሽፋን ተጠቅልላ ትታያለች። በዕብራይስጥ ቪታንያ መሻከረት ይባላል፤ መሻከረት ማለት የምታሰክር ማለት ነው። የሳይንስ ስሙ ዊታኒያ ሶምኒፌራ ሲሆን ሁለተኛው ቃል እንቅልፍ አምጪ ማለት ነው። ሕንዶች አሽዋጋንዳ ይሉታል፤ በባህላዊ ሕክምናቸውም ከረጅም ዘመን ጀምሮ ሥሩን ይጠቀሙበታል።

ከገዴራ ብዙ በማትርቀው በረሖቮት ከተማ፣ በዋይዝማን የሳይንስ ተቋም፣ ዳቪድ ላቪና ባልደረቦቻቸው በ1960ዎቹ ዓመታት ይህን ተክል መረመሩ። ከቅጠሉም ዊታፈሪን ኤ የተባለውን ንጥረ ነገር ለይተው ቅርጹን በዝርዝር አስታወቁ። ከእርሱ ጋር የሚዛመዱ ሌሎች ብዙ ንጥረ ነገሮች በኋላ ስለ ተገኙ፣ መላው ቤተሰብ ከተክሉ ስም ተወስዶ ዊታኖላይድ ተባለ።

በ1968 ዓ.ም. ደግሞ እነዚሁ ተመራማሪዎች በእስራኤል የተለያዩ ቦታዎች የሚበቅለውን ጊዜዋ አወዳድረው ጠቃሚ ነገር አሳተሙ። ለዓይን አንድ የሚመስለው ተክል በውስጡ ባለው ንጥረ ነገር ሲመረመር ሦስት ዓይነት ሆኖ ተገኘ። አንደኛው ዊታፈሪን ኤ በብዛት ሲኖረው፣ ሌሎቹ በምትኩ ሌሎች ዊታኖላይዶች አሏቸው። እንግዲህ አንድ ሰው ከሦስት መንደር ጊዜዋ ቢያመጣ በስሙ አንድ፣ በሥራው ግን ሦስት የተለያየ መድኃኒት ሊይዝ ይችላል። የቤተ ሙከራው ሥራ ያስፈለገበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ሐኪም ዛሬ የሚሰጠው እንክብል ከነገው ጋር እኩል መሆን አለበትና።

ሥሩ ሲነቀል ተክሉ ይሞታል

ሁለተኛው ምክንያት የተክሉ ማለቅ ነው። ቅጠል ቢቆረጥ ያቆጠቁጣል፤ ሥር ከተነቀለ ወይም ቅርፊት ዙሪያውን ከተላጠ ግን ተክሉ ይሞታል። በዓለም ላይ የታወቀው ምሳሌ በሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ዳርቻ የሚበቅለው የዩ ዛፍ ነው። ከዚህ ዛፍ ቅርፊት የተገኘው ታክሶል የተባለ ንጥረ ነገር በ1971 ዓ.ም. ቅርጹ ታተመ፤ በ1992 ዓ.ም. ለእንቁላል እጢ ካንሰር መድኃኒትነት በአሜሪካ ተፈቀደ። ዛፉ እጅግ በዝግታ የሚያድግ ሲሆን፣ አንድን ሕመምተኛ ለማከም ከአንድ በላይ የሆነ ትልቅ ዛፍ ቅርፊቱ ተልጦ መሞት ነበረበት። ያን ጊዜ ክርክሩ ከባድ ነበር፤ ሴቶቹ ይዳኑ ወይስ ጫካው ይዳን?

የእኛም ኮሶ ከዚህ የራቀ አይደለም። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 እና በ1771 ዓ.ም. ጎንደር በነበረበት ጊዜ ኮሶን አይቶ፣ በ1790 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፉ ለአውሮፓውያን አስተዋወቀው። በ19ኛው መቶ ዘመን የደረቀ የኮሶ አበባ በአውሮፓ ፋርማሲዎች በውድ ዋጋ ይሸጥ ነበር። ዛሬ ለኮሶ ትል ሐኪም የሚያዝዘው ኒክሎዛማይድ ወይም ፕራዚኳንቴል የሚባሉትን እንክብሎች ነው። ዛፉ ግን ለእንጨቱ ሲባል ተጨፍጭፎ ተመናምኗል፤ በኢትዮጵያ ሕግም ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከተከለከሉት አገር በቀል ዛፎች አንዱ ነው።

ሥራው እንዴት ይከናወናል?

የተክልን ሕዋስ በጠርሙስ ማሳደግ ይቻላል የሚለውን ሐሳብ በ1902 ዓ.ም. ያቀረበው ኦስትሪያዊው ሊቅ ሃበርላንት ነበር። እያንዳንዱ የተክል ሕዋስ የመላውን ተክል ዕውቀት በውስጡ ይዟል፤ ስለዚህ ተስማሚ ምግብ ቢያገኝ ከአንድ ሕዋስ ሙሉ ተክል ሊወጣ ይችላል አለ። እርሱ ራሱ ሞክሮ አልሆነለትም። በ1958 ዓ.ም. ግን ስቱዋርድ የተባለ ተመራማሪ በአሜሪካ ከካሮት ሥር በወሰዳቸው ሕዋሳት ሙሉ የካሮት ተክል አበቀለ፤ የሃበርላንትም ሐሳብ እውነት ሆነ።

ሥራው በአጭሩ የሚከተለውን ይመስላል።

አንደኛ፣ ከጤነኛ ተክል ቁራጭ ይወሰዳል። ቅጠል፣ የግንድ ጫፍ ወይም ሥር ሊሆን ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ ከጥፍር አይበልጥም። ቁራጩ በውኃ ይታጠብና በአልኮልና በተበረዘ በረኪና ይነከራል። በረኪና እኛ በእስራኤል ኤኮኖሚካ የምንለው፣ ቤት የምናጸዳበት ነው። ይህ የሚደረገው በላዩ ያሉት ባክቴሪያና የሻጋታ ዘር እንዲሞቱ ነው።

ሁለተኛ፣ ምግቡ ይዘጋጃል። በንጹሕ ውኃ ውስጥ ተክል ከአፈር የሚያገኛቸው ጨዎች፣ ጥቂት ቪታሚንና በሊትር 30 ግራም ያህል ስኳር ይጨመራል። ስኳሩ የሚያስፈልገው ሕዋሱ በጠርሙስ ውስጥ እንደ ልቡ ከፀሐይ ምግብ መሥራት ስለማይችል ነው። ምግቡ እንዲረጋ ከባሕር አረም የሚገኝ አጋር የሚባል ዱቄት ይገባበታል። ብዙ ቤተ ሙከራዎች ዛሬም የሚጠቀሙበት የምግብ ቀመር በ1962 ዓ.ም. ሙራሺጌና ስኩግ ያሳተሙት ነው። ከዚያም በ121 ዲግሪ ሙቀት፣ በእንፋሎት ግፊት፣ ለ15 ወይም ለ20 ደቂቃ ይቀቀላል። መሣሪያው በኩሽናችን ካለው የግፊት ድስት በአሠራሩ አይለይም።

ሦስተኛ፣ ሆርሞን ይጨመራል፤ የጥበቡ ልብ እዚህ ላይ ነው። በ1957 ዓ.ም. ስኩግና ሚለር እንዳሳዩት፣ ኦክሲን የሚባለው ሆርሞን ሲያመዝን ቁራጩ ሥር ያወጣል፤ ሳይቶካይኒን የሚባለው ሲያመዝን ቅጠልና ቡቃያ ያወጣል፤ ሁለቱ ሲመጣጠኑ ደግሞ ሥርም ቅጠልም ያልሆነ፣ ለስላሳ የሕዋስ እብጠት ይሆናል። ይህ እብጠት ካለስ ይባላል። ዛፍ በመጥረቢያ ሲቆስል ቁስሉን ለመሸፈን ከዳር የሚያብጠውን ያየ ሰው ካለስን አይቷል ማለት ነው።

አራተኛ፣ ካለሱ ተወስዶ አጋር በሌለበት ፈሳሽ ምግብ ውስጥ ይገባና ጠርሙሱ ሌትና ቀን በሚወዛወዝ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። እብጠቱ ይበታተንና ሕዋሳቱ በፈሳሹ ውስጥ ተንሳፈው ይባዛሉ። በየሁለት ወይም በየሦስት ሳምንቱ ጥቂቱ ተወስዶ ወደ አዲስ ምግብ ይዛወራል። እናቶቻችን ከሊጡ እርሾ አስቀርተው ለሚቀጥለው ቡኮ እንደሚያቆዩት ማለት ነው። እርሾው ካልተበላሸ ሥራው ለዓመታት ይቀጥላል።

አምስተኛ፣ ሕዋሳቱ ሲበዙ ወደ ትልቅ ጋን ይገባሉ። ጋኑ አየር የሚነፋበት፣ ሙቀቱ የሚጠበቅ፣ ከውጭ ምንም እንዳይገባበት የተዘጋ ነው። አንድ የሻጋታ ዘር ከገባ ሻጋታው ከተክል ሕዋስ እጅግ ፈጥኖ ስለሚባዛ የወራት ድካም በጥቂት ቀን ይበላሻል።

ስድስተኛ፣ ሕዋሳቱ መድኃኒቱን እንዲሠሩ ይቀሰቀሳሉ። ጠላት የሌለበት፣ ምግብ የሞላለት ሕዋስ መከላከያ ለመሥራት አይቸኩልም። ስለዚህ ተመራማሪው ጠላት የመጣ የሚያስመስል ነገር ይጨምርበታል፤ ለምሳሌ ከሻጋታ ግድግዳ የተገኘ ዱቄት፣ ወይም ተክል ሲቆስል ራሱ የሚያወጣውን ጃስሞኔት የተባለ ንጥረ ነገር። ሕዋሱም ተጠቃሁ ብሎ መራራውን ማምረት ይጀምራል። በመጨረሻ ሕዋሱ ተጠልሎ፣ ንጥረ ነገሩ ተለይቶና ተጣርቶ ይወጣል።

ችግኝ ማብዛትና መድኃኒት ማምረት የተለያዩ ናቸው

እዚህ ላይ አንባቢ እንዳይሳሳት ሁለት ሥራዎችን መለየት ይገባል። በጠርሙስ ውስጥ ከአንድ ቁራጭ ብዙ ችግኝ አብዝቶ ወደ ማሳ ማውጣት አንድ ሥራ ነው። የእስራኤል የሙዝ ገበሬዎች ከሚተክሉት ችግኝ ብዙው የሚገኘው በዚህ መንገድ ነው። ሕዋሳቱን በጋን ውስጥ አቆይቶ ንጥረ ነገሩን ማውጣት ግን ሌላ ሥራ ነው።

በኢትዮጵያ መድኃኒት ዕፀዋት ላይ ይበልጥ የተሠራው የመጀመሪያው ነው። ጥላዬ ፈይሳ የተባሉ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ከለገሠ ነጋሽና ከስዊድን ባልደረባቸው ጋር በ2005 ዓ.ም. ኮሶን በጠርሙስ ማብዛት እንደሚቻል አሳትመዋል። ለእንዶድም ተመሳሳይ ሥራ በ1990 ዓ.ም. ታትሟል። ይህ የመድኃኒቱን ንጥረ ነገር ከጠርሙስ ማውጣት አይደለም፤ ለሚመናመን ዛፍ ግን ትልቅ ነገር ነው። ከተመረጠ ዛፍ የተወሰደ ቁራጭ ልክ እንደ እናቱ የሆኑ ችግኞች ይሰጣልና፣ ሴቴ መሆኗ የታወቀ ኮሶ ሴቴ ኮሶዎችን ታፈራለች። ከዘር የሚበቅል ኮሶ ግን ወንዴ ይሁን ሴቴ አብቦ እስኪታይ ድረስ አይታወቅም።

የተሳካላቸው ሥራዎች

ከተክል ሕዋስ የወጣ ንጥረ ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ የቀረበው በጃፓን ነው። ሺኮኒን የሚባለው ቀይ ቀለም ከአንድ ተክል ሥር የሚገኝ ሲሆን ለቁስልና ለቆዳ ያገለግላል። ሥሩ ለመድኃኒት እስኪደርስ ዓመታት የሚፈልግ ሲሆን፣ ሲደርስም በውስጡ የሚገኘው ሺኮኒን ከመቶ አንድ ወይም ሁለት እጅ ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሚትሱይ የተባለው ኩባንያ ሕዋሱን በጋን በማሳደግ በሦስት ሳምንት ያህል ጊዜ ውስጥ ከመቶ ከአሥር እጅ በላይ ሺኮኒን አገኘ። ከቀለሙም የከንፈር ቀለም ተሠርቶ ተሸጧል።

ታክሶልም የሴቶቹና የጫካው ክርክር በዚህ መንገድ ተፈትቶለታል። ዛሬ ዩን ለመድኃኒት ብሎ መግደል አላስፈለገም። የዩ ሕዋሳት በጀርመን አገር እስከ 75,000 ሊትር በሚይዙ ጋኖች ውስጥ እየተባዙ ታክሶሉን ይሰጣሉ። መድኃኒቱን ይሸጥ የነበረው ብሪስቶል ማየርስ ስኩዊብ የተባለው ኩባንያ ወደዚህ አሠራር በመዛወሩ በ2004 ዓ.ም. ከአሜሪካ መንግሥት የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ሽልማት አግኝቷል።

ሌላው ታሪክ የእኛው አገር የእስራኤል ነው። በሰሜን፣ በካርሚኤል ከተማ፣ ፕሮታሊክስ የተባለ ኩባንያ ከካሮት ሕዋስ መድኃኒት ይሠራል። ጎሼ የሚባል በዘር የሚተላለፍ በሽታ አለ፤ ከአሽከናዝ አይሁድ መካከል ከሌላው ሕዝብ ይልቅ ይገኛል። ሕመምተኛው አንድ ኢንዛይም ስለሚጎድለው ጣፊያውና ጉበቱ ያብጣል፤ አጥንቱም ይታመማል። ኩባንያው ለዚህ ኢንዛይም የሚሆነውን የሰው ዘረ መል በካሮት ሕዋስ ውስጥ አስገብቶ፣ ሕዋሱን በትልልቅ የላስቲክ ከረጢቶች እያባዛ ኢንዛይሙን ያወጣል። መድኃኒቱ በግንቦት 1 ቀን 2012 ዓ.ም. በአሜሪካ ተፈቀደ፤ በተክል ሕዋስ ተሠርቶ ለሰው ከተፈቀዱ የፕሮቲን መድኃኒቶች የመጀመሪያው ነው። በ2023 ዓ.ም. ደግሞ ፋብሪ ለተባለ በሽታ በትምባሆ ሕዋስ የሠራው ሌላ መድኃኒት ተፈቅዶለታል።

በእርግጥ ይህ ከተክሉ የራሱን መራራ ከማውጣት ይለያል፤ ካሮቱ እዚህ ላይ ሠራተኛ እንጂ የመድኃኒቱ ባለቤት አይደለም። ጠርሙሱ፣ ስኳሩ፣ ሆርሞኑና ጥንቃቄው ግን አንድ ነው። ጥቅሙም በ2009 ዓ.ም. ታይቷል። በዚያ ዓመት ይህንኑ ኢንዛይም ከእንስሳ ሕዋስ ይሠራ በነበረ አንድ የአሜሪካ ፋብሪካ ውስጥ ቫይረስ ገብቶ ሥራው ሲቆም ሕመምተኞች መድኃኒት አጡ። እንስሳንና ሰውን የሚያጠቁ ቫይረሶች ግን በተክል ሕዋስ ውስጥ አይራቡም።

ያልተሳካውና ምክንያቱ

ስኬቱን ብቻ ማውራት አንባቢን ማሳሳት ይሆናል። ከተሞከሩት ተክሎች ውስጥ ለገበያ የበቁት ጥቂት ናቸው።

በየአትክልት ቦታው የሚተከለው ሐምራዊ አበባ ያለው ቪንካ ለዚህ ምሳሌ ነው። ከእርሱ የሚገኙት ቪንብላስቲንና ቪንክሪስቲን የደም ካንሰር የያዛቸውን ሕፃናት ጭምር ያድናሉ። አንድ ግራም ለማግኘት ግን በመቶ የሚቆጠር ኪሎ ደረቅ ቅጠል ያስፈልጋል። ስለዚህ ተመራማሪዎች ለዓመታት ሕዋሱን በጠርሙስ ሲያሳድጉ ኖሩ። ችግሩ ቪንብላስቲን ከሁለት ግማሾች የሚገጣጠም መሆኑ ነው። አንዱን ግማሽ ሕዋሱ በጠርሙስ ውስጥ ይሠራዋል፤ ሁለተኛው ግን የሚጠናቀቀው በአረንጓዴው ቅጠል ውስጥ ባሉ ልዩ ሕዋሳት ብቻ ነው። ካለስ ደግሞ ቅጠል አይደለም።

የወባ መድኃኒት የሆነው አርቴሚሲኒንም እንዲሁ ነው። በጎንደር ቆላና በሱዳን መንገድ ወባ ምን እንደሠራ ለእኛ መናገር አያስፈልግም። አርቴሚሲኒን የሚገኘው አርቴሚሲያ አኑዋ ከተባለ የቻይና ተክል ሲሆን፣ መድኃኒትነቱን ያገኙት ቱ ዩዩ በ2015 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ይህ ንጥረ ነገር የሚጠራቀመው በቅጠሉ ላይ ባሉ ጥቃቅን የፀጉር እጢዎች ውስጥ ነው፤ እጢ የሌለው ካለስ ከእርሱ ይህ ነው የሚባል አይሰጥም። በዚህ ምክንያት ተክሉ ዛሬም በማሳ ይዘራል።

ከዚህ የምንማረው ሕዋስ ዕውቀቱን በውስጡ ቢይዝም፣ ሁሉን ዕውቀት በሁሉ ቦታ የማያወጣ መሆኑን ነው። የሥር ሥራ ሥር ይፈልጋል፤ የቅጠል ሥራም ቅጠል።

ጊዜዋስ?

ለጊዜዋ መፍትሔ ሆኖ የተገኘው ይኸው ሐሳብ ነው። ካለሱን ትቶ ሥሩን ብቻውን፣ ያለ ግንድና ያለ ቅጠል፣ በጠርሙስ ማሳደግ ይቻላል። በአፈር ውስጥ አግሮባክቴሪየም ራይዞጄነስ የሚባል ባክቴሪያ አለ። ይህ ባክቴሪያ ተክልን ሲያገኝ ከራሱ ዘረ መል ጥቂቱን ወደ ተክሉ ያስገባል፤ በገባበትም ቦታ ብዙ ቀጫጭን ሥሮች ይወጣሉ። እነዚህ ሥሮች ተቆርጠው ባክቴሪያው ከተገደለ በኋላ ሆርሞን ሳይጨመርላቸው በፈሳሽ ምግብ ውስጥ እየተቆላለፉ ያድጋሉ። ሥር ስለ ሆኑም የሥርን ንጥረ ነገር ይሠራሉ። የሕንድ ተመራማሪዎች ከ1990ዎቹ ጀምሮ ከጊዜዋ እንዲህ ያለ ሥር አሳድገው ዊታኖላይድ አግኝተዋል። ዛሬ በየሱቁ አሽዋጋንዳ ተብሎ የሚሸጠው ዱቄት ግን በአብዛኛው በሕንድ ማሳ ከተነቀለ ሥር የተፈጨ ነው፤ ማሳው ከጋኑ ይልቅ ርካሽ ነውና። የጋን ሥራ የሚያዋጣው መድኃኒቱ እጅግ ውድ ሲሆን፣ ተክሉ ብርቅ ሲሆን ወይም ልኩ በጥብቅ መጠበቅ ሲኖርበት ነው።

ዕውቀቱ የማን ነው?

ከሁሉ በላይ ልናስብበት የሚገባው ይህ ነው። ማንኛውም ቤተ ሙከራ በምድር ላይ ያሉትን ተክሎች ሁሉ አይመረምርም፤ አንድ ሰው "ይህ ይሠራል" ብሎ ካመለከተው ይጀምራል። ያ አመልካች ብዙውን ጊዜ ስሟ ያልተጻፈ የገጠር ሴት ናት።

እንዶድን እንመልከት። በ1964 ዓ.ም. ዶክተር አክሊሉ ለማ በአድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ባለው ወንዝ ውስጥ ብዙ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቀንድ አውጣው የቢልሃርዝያ በሽታ አስተላላፊ ነው። ከዚያ ተነሥተው እንዶድ በሽታውን ለመቆጣጠር እንደሚረዳ አስረዱ፤ በ1989 ዓ.ም. ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። በኋላ በአሜሪካ የቶሊዶ ዩኒቨርሲቲ እንዶድ የውኃ ቧንቧ የሚደፍነውን ዜብራ የተባለ ዛጎል ለበስ እንስሳ እንደሚገድል ሲታወቅ፣ በዚህ አገልግሎት ላይ በ1990ዎቹ የፓተንት መብት ወጣ። የወንዙ ዳር ሴቶች ድርሻ የት አለ የሚለው ጥያቄም ብዙ አከራከረ።

ኢትዮጵያ በ2006 ዓ.ም. የዘረ መል ሀብትንና የማኅበረሰብ ዕውቀትን የሚመለከት አዋጅ ቁጥር 482 አውጥታለች። የናጎያ ስምምነት የተባለው ዓለም አቀፍ ውልም በ2014 ዓ.ም. ጸንቶ ሥራ ላይ ውሏል። የሁለቱም ዋና ሐሳብ ዕውቀቱን የሰጠ ማኅበረሰብ አስቀድሞ ይጠየቅ፣ ከጥቅሙም ይካፈል የሚል ነው። ሕግ ግን ሊጠብቅ የሚችለው የታወቀና የተመዘገበ ነገርን ነው። ሽማግሌው ይዞት የተቀበረው ዕውቀት በየትኛውም ሕግ አይጠበቅም። ቤተ ሙከራ የጠፋ ተክልን ከአንድ ቁራጭ ሊያበዛ ይችላል፤ የጠፋ ስምን ግን የሚያበዛ ቤተ ሙከራ የለም።

ስለዚህ በየቤታችን አንድ ደብተር ቢኖር መልካም ነው። አያት የተክሉን ስም፣ የሚገኝበትን ቦታ፣ የሚወሰደውን ክፍልና ልኩን ይናገሩ፤ የልጅ ልጅ ይጻፍ። ለመነሻ ያህል የታወቁትን በሦስት ቋንቋ እናስቀምጣለን።

ጊዜዋ፤ በዕብራይስጥ ቪታንያ መሻከረት፤ በሳይንስ ዊታኒያ ሶምኒፌራ።
ጤና አዳም፤ በዕብራይስጥ ፔጋም፤ በሳይንስ ሩታ ካሌፔንሲስ።
ጥቁር አዝሙድ፤ በዕብራይስጥ ኬጻሕ፤ በሳይንስ ኒጌላ ሳቲቫ።
አብሽ፤ በዕብራይስጥ ሒልቤ፤ በሳይንስ ትሪጎኔላ ፎኑም ግሬኩም።
ፌጦ፤ በዕብራይስጥ ሻሐላይም፤ በሳይንስ ሌፒዲየም ሳቲቩም።
ዳማከሴ፤ የሬሓን ዘመድ፤ በሳይንስ ኦሲመም ላሚፎሊየም።
ኮሶ፤ በሳይንስ ሃጌኒያ አቢሲኒካ።
እንዶድ፤ በሳይንስ ፊቶላካ ዶዴካንድራ።

ጥንቃቄ በቤታችን

ከላይ እንደተገለጸው ያልተለካ መድኃኒት አደገኛ ነው። ኮሶ ከልክ በላይ ሲወሰድ የዓይን ብርሃንን እንደሚጎዳ በኢትዮጵያ ሐኪሞች ዘንድ የታወቀ ነው። ጤና አዳምን ነፍሰ ጡር ሴት እንደ መድኃኒት መጠጣት የለባትም፤ ጭማቂውም ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል። አሽዋጋንዳ በሱቅ ስለ ተሸጠ ብቻ ለሁሉ ይስማማል ማለት አይደለም፤ ጉበታቸው የተጎዳ ሰዎች እንዳሉ ሐኪሞች ጽፈዋል። ነፍሰ ጡር የሆነች፣ የእንቅርት እጢ ሕመም ያለበት ወይም የእንቅልፍ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪም ሳያማክር ሊነካው አይገባም። በመንገድ ዳር የሚበቅለውን ጊዜዋ ነቅሎ መጠጣት ደግሞ ከሦስቱ ባሕርይ የትኛው እንደሆነ ሳያውቁ መግባት ነው።

ቁፓት ሆሊም ስንሄድ የምንወስደውን የአገር ቤት መድኃኒት አንሸሽግ። እናቶችና አባቶች "ይስቁብናል" ብለው ዝም ይላሉ፤ ሐኪሙም ሳያውቅ ሌላ መድኃኒት ይጨምርበታል። ከሥር የተገኘው መራራና ከፋርማሲ የመጣው እንክብል በአንድ ሆድ ውስጥ ሲገናኙ ሊጣሉ ይችላሉ። ተክሉን በዕብራይስጥ ስሙ ወይም በሳይንስ ስሙ ጽፎ ለሐኪሙ ማሳየት ጠቃሚ ነው። ቋንቋ የሚያውቅ ልጅ ለአያቱ ሊያደርገው የሚችለው ቀላል አገልግሎት ነው።

ዛሬ በረሖቮት ባሉት ተቋማት ደጅ ከቂርያት ማላኪ፣ ከገዴራና ከያቭኔ የሚነሡ የእኛ ልጆች ተማሪ ሆነው ሊገቡ ይችላሉ። ስለ ጊዜዋ የሚያውቁት ነገር ከመምህራቸው ብቻ ሳይሆን ከአያታቸውም የተገኘ ቢሆን፣ ሌላው ተማሪ የማይጠይቀውን ጥያቄ ይዘው ይገባሉ። ለዚህም አያቶች ይናገሩ፣ ልጆችም ይጻፉ።